ከኦክላንድ እስከ ማውንት ቪደር፦ ወደ ዓይነ ስውራን ካምፕ የተደረገ ጉዞ

ሐሙስ፤ ከኦክላንድ እስከ ቫሌሆ

የእህቴ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ሚጣ እያለ ስለሚጠራት እኔም እዚህ እንደዚያው እላታለሁ። ከተወለደች ጀምሮ አታይም፤ ብርሃንና ጨለማን ብቻ ትለያለች። እህቴና ባለቤቷ የዲቪ ዕድል ደርሷቸው ከባሕር ዳር ወደ ኦክላንድ ሲመጡ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከናፓ ከተማ በላይ፣ ተራራ ላይ፣ ለዓይነ ስውራን ተብሎ የተቋቋመ ካምፕ እንዳለ፣ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር የሚሰነብቱበት የቤተሰብ ጊዜም እንዳለው የነገረቻቸው ትምህርት ቤት ውስጥ ብሬል የምታስተምራት መምህርት ናት። ባልየው ቅዳሜና እሁድ ሥራ ስላለበት መኪና የመንዳቱ ተራ ለእኔ ደረሰ።

እህቴ ስትሰናዳ ያየ ሰው ለቁልቢ ንግሥ የምንሄድ ይመስለው ነበር። ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሚጥሚጣ፣ ከቴሌግራፍ ጎዳና የተገዛ እንጀራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ከረጢት ሙሉ የቁስል ፕላስተር። ሐሳቧን የሚናገረው ፕላስተሩ ነው። ባሕር ዳር ሳሉ ክረምት ሲገባ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጭቃ ለጭቃ ሲሯሯጥ፣ ሚጣ ደጃፉ ላይ ባለው መደብ ተቀምጣ ጫጫታውን ታዳምጥ ነበር። ያስቀመጣት የእናት ስስት ነው። «ትወድቂያለሽ፣ ተቀመጪ» የሚለው ቃል ኦክላንድም ድረስ አብሯቸው መጥቷል።

ከኦክላንድ ናፓ የአንድ ሰዓት ከምናምን መንገድ ነው። ካርኪኔዝ ድልድይ ላይ 8 ዶላር ተቆረጠብን። ገንዘብ ተቀባይ የለም፤ መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው መሣሪያ ሒሳቡን ራሷ ታስቆርጣለች። በአዲስ አበባና አዳማ ፈጣን መንገድ ሲገቡ ትኬት ተቀብሎ ሲወጡ መክፈልን ለለመደ ሰው ሳይቆሙ ማለፉ ደስ ይላል። ደስታችን ግን ከድልድዩ ማዶ አልቆየም። ከኋላ ወንበር ሚጣ «አጎቴ፣ መኪናው ያፏጫል» አለችኝ። ወዲያው ጥጌን ያዝኩ። መከለያውን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን ሊልጠው ደረሰ፤ ወደ ራዲያተር የሚሄደው ጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ውኃው መሬት ላይ ይንጠባጠባል።

የመኪና መጎተቻው 145 ዶላር። ጋራዡ ሊዘጋ የቀረው ግማሽ ሰዓት ስለነበር እስከ ነገ ጠብቁ አሉን። ቫሌሆ ውስጥ አንድ ሞቴል በ129 ዶላር አደርን። ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን ድርቆሹን በሞቀ ውኃ አርሰን በላን፤ የሞቴሉ ክፍል በርበሬ በርበሬ ሸተተ። ሚጣ ክፍሉን በመዳፏ እየዳሰሰች ዞራ መብራት ማጥፊያውን፣ የመታጠቢያ ቤቱን በርና የመስኮቱን መጋረጃ ለየችና ተኛች።

ዓርብ፤ ናፓና የተራራው መንገድ

ለቱቦ፣ ለማቀዝቀዣ ፈሳሽና ለእጅ ዋጋ ተብሎ 310 ዶላር ተጠየቅን። መርካቶ ሶማሌ ተራ ቢሆን ኖሮ አንድ ልጅ ቱቦውን ይዞ ሮጦ፣ አምሳያውን አምጥቶ፣ ቡና ሳይፈላ ይጨርሰው ነበር። ከፈልንና ረፋዱ ላይ ወጣን።

ናፓ በወይን ጠጅ የታወቀ ሸለቆ ነው። መንገዱ ግራና ቀኝ በመስመር የተተከለ ወይን ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ በሽቦ ተወጥሮ፣ ጫፉ ላይ ጽጌረዳ የተተከለበትም አለ። ከተማው ውስጥ ኦክስቦ የተባለው የገበያ አዳራሽ ገብተን ሦስት ሳንድዊችና ሦስት ጭማቂ 68 ዶላር ከፈልን። ጣና ዳር በዚህ ገንዘብ ስንት ሰው ዓሣ እንደሚበላ እህቴ ጮክ ብላ ስታሰላ አጠገባችን ያሉት ዞር ብለው አዩን።

ከከተማው ወደ ምዕራብ ሲወጡ ሬድውድ ሮድ ከዚያም ማውንት ቪደር ሮድ ይመጣል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ጅረት ተከትሎ ይጠማዘዛል፤ ዛፎቹ ከላይ ገጥመውበት በቀትርም ያጠላል። የስልኩ መንገድ ጠቋሚ መካከል ላይ ድምፁ ጠፋ። ከፊታችን የወይን በርሜል የጫነ መኪና መጣብንና ወደ ኋላ እየነዳሁ ጥግ እስካገኝ ድረስ ላብ በላብ ሆንኩ። እህቴ መዞሩ አጥወልውሏት ሎሚ ታሸታለች። ሚጣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እጇን አውጥታ «አሁን ጥላ፣ አሁን ፀሐይ፣ አሁን ጥላ» እያለች ነበር የምትሄደው።

ካምፑ ኢንቻንትድ ሂልስ ይባላል። ስፋቱ 311 ኤከር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሦስት ጋሻ መሬት ያህል ማለት ነው። ያቋቋመችው ሮዝ ረዝኒክ የተባለች ኒው ዮርክ ተወልዳ ያደገች ዓይነ ስውር የፒያኖ ተጫዋችና መምህርት ናት። ልጅ ሳለች ለዓይነ ስውራን ልጆች በተዘጋጀ ካምፕ የመሰንበት ዕድል አግኝታ ስለነበር፣ ካሊፎርኒያ ስትመጣ ይህንኑ ለዚህ አገር ልጆች ልታደርስ ተነሣች። በ1950 እ.ኤ.አ. ይህ ተራራ የዓይነ ስውራን ልጆች መዋያ ሆነ። ዛሬ የሚያስተዳድረው መቀመጫው ሳን ፍራንሲስኮ የሆነው ላይትሃውስ የተባለ የዓይነ ስውራን ድርጅት ነው። ይህን ታሪክ ቀድሜ አንብቤው ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን በሩ ላይ ነው።

የተቀበለን ወጣት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ልጆቹን ከሚመሩት አንዱ። ረጅም ነጭ በትር ይዟል። ስማችንን ጠይቆ፣ ሚጣን ለብቻዋ ሰላም ብሎ፣ «የበትሬን ድምፅ ተከተሉ» አለና ቁልቁለቱን መውረድ ጀመረ። እህቴ ክንዴን ጨመቀችው። «ጋሼ፣ እሱ ራሱ አያይም እኮ!» አለችኝ በሹክሹክታ። እውነቷን ነው፤ አያይም። እኛን ግን ሥሩን፣ ድንጋዩን፣ መታጠፊያውን እየነገረ፣ ከእኛ ፈጥኖ፣ ማደሪያችን ደጃፍ አደረሰን። ሚጣ ከኋላው ነበረች። መሰናክል ሲኖር በትሩ ሁለቴ ይንኳኳል፤ እሷም እዚያው ቦታ ላይ ስትደርስ የራሷን ሁለቴ ታንኳኳለች።

እራት ዶሮ፣ ሩዝ፣ ባቄላና ሰላጣ ነበር። የካምፑ ሰዎች ምግቡን በሰዓት አቀማመጥ ነው የሚነግሩት፤ ሳህኑ ሰዓት ነው ተብሎ ይታሰብና «ዶሮው ስድስት ላይ ነው» ሲባል ወደ ሆድ የቀረበው ጫፍ ነው። እህቴ የፈረንጅ ሰዓት ሦስት ዓመት ሙሉ ስድስት እየቀነሰች የኖረች ሰው ናት፤ ለልጇ ስትነግራት ሁሉም ነገር ተገለበጠና ሚጣ ሹካዋን ሰላጣው ውስጥ ሰካች። «እማዬ፣ የአሜሪካን ሰዓት ንገሪኝ!» አለቻት። ገበታው ላይ የነበሩት ለምን እንደሳቅን ሲጠይቁ፣ የእኛ ሰዓት ከንጋት እንደሚቆጠር አስረዳኋቸው። አንድ በቦታው የነበረ አባት፣ እሱም ዓይነ ስውር፣ ይህ እንዲያውም የተሻለ አቆጣጠር ነው ብሎ ብዙ ጥያቄ አወረደብኝ።

ቅዳሜ፤ ፈረሱ፣ ዛፎቹና የእንጨት ክፍሉ

ጠዋት ወላጆችንና ልጆችን ለያዩን። እህቴ ይህን አልጠበቀችም። ልጆቹ ወደ ፈረሶቹ ሄዱ፤ ወላጆች ደግሞ ወደ ስብሰባ ተጠራን። እሷ ግን እግሯ አልታዘዛትም፤ እኔም አብሬያት አጥሩ ጋር ቆምኩ። ማንም አልከለከለንም፤ ግን ዝም በሉ ተባልን።

ያየሁትን በዝርዝር ልናገር። የፈረሱ ቁመት ከሚጣ ራስ በላይ ነው። መጀመሪያ ያደረጉት መዳፏን ዘርግታ ፈረሱ እንዲያሸታት ማድረግ ነው። ትንፋሹ ሲሞቃት እጇን ሳበች፤ መልሳ ዘረጋች። ከዚያ ከአፍንጫው ተነሥታ ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ አንገቱን፣ ጋማውን በእጇ ተከትላ ሄደች። ሆዱ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ቆመች። «ውስጡ ይጮኻል» አለች። ከጀርባው አልፋ ስትዞር አንድ እጇን ከፈረሱ ሳታነሣ እንድትሄድ ነገሯት፤ ፈረስ ሰው የት እንዳለ ሲያውቅ አይደነግጥም። ሰኮናውን አንሥተው በጣቷ አስዳሰሷት፤ ጥርጊያ ብረት ሰጥተው የተጣበቀውን ጭቃ ራሷ እንድትፈቀፍቅ አደረጓት። ኮርቻ ላይ የወጣችው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እግሯን እርካቡ ውስጥ ስታስገባ አንድ ሰው ልጓሙን፣ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው ነበር። ከጥቂት ዙር በኋላ የጎኖቹ ሰዎች እጃቸውን አነሡ።

አባታችን የእንጅባራ ሰው ናቸው፤ ፈረሰኛ ናቸው። በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ከነቤተሰባቸው እዚያ ነው የሚውሉት። ሚጣ አንድም ቀን የአያቷን ፈረስ ነክታ አታውቅም ነበር። እህቴ አጥሩን ጨብጣ ስታለቅስ ለዚህ ይመስለኛል፤ አልጠየቅኋትም።

ከሰዓት በፊት የዛፍ ጉዞ ነበር። ይህን ጉዞ የመራችው ሴት በከፊል የምታይ ናት። ልጆቹን ከዛፍ ዛፍ እየወሰደች ስሙን ሳትነግር በእጅ፣ በአፍንጫ፣ በጆሮ እንዲለዩ ታደርጋለች። ሬድውድ ልጡ ወፍራምና ቃጫ መሳይ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ማድሮን የተባለው ልጡ እየተላጠ የሚወድቅ፣ ከሥሩ ያለው ግንድ ደግሞ ለስላሳና በሐሩርም ቀዝቃዛ የሆነ ዛፍ ነው፤ ልጆቹ ጉንጫቸውን ይለጥፉበታል። ቤይ ላውረል ቅጠሉን ሲያሹት ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ሚጣ ይህን ሲያሸትቷት «ባሕር ዛፍ ነው!» አለች። አይደለም፤ ግን አልራቀችም። ባሕር ዛፍም በካሊፎርኒያ ሞልቷል፤ እኛም ዘንድ በምኒልክ ዘመን እንደ ገባው ሁሉ እዚህም ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው። የሬድውዱን ግንድ ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊከቡት ሲሞክሩ አልበቁም፤ ወላጆች ተጨመርን።

ምሳ የከብት ሥጋ በዳቦ። ሚጥሚጣው ከእህቴ ቦርሳ ወጥቶ ገበታውን ዞረ፤ ከሳን ሆዜ የመጣች አንዲት ሜክሲኳዊት እናት ስሙን በወረቀት ጽፋ ወሰደች።

ከምሳ በኋላ የእንጨት ሥራ ክፍል ገባሁ። አስተማሪው ዓይነ ስውር አናጢ ነው። መጋዝና መሰርሰሪያ በተደረደረበት ክፍል ውስጥ ልጆች ሲገቡ ስመለከት እኔም እንደ እህቴ ደነገጥኩ፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ሰውዬው ግን ሥርዓቱን ሲያስተምር ሰማሁት። እያንዳንዱ ዕቃ ቦታ አለው፤ ከተጠቀሙበት በኋላ እዚያው ቦታ ካልተመለሰ ሥራው ይቆማል። መሣሪያው ተጠፍቶ ሳለ በእጅ ይታወቃል፤ ሲበራ ደግሞ እጅ የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ልኬቱ የሚሠራው በሚቆጠር መለኪያ ነው። ቱቦ ውስጥ የሚንሸራተት ጥርስ ያለው የብረት ዘንግ ነው፤ ሲጎተት ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ እያንዳንዷ ቀጭታ የአንድ ኢንች አሥራ ስድስተኛ ናት። ሚጣ አሥራ ስድስት ቀጭታ ቆጥራ አንድ ኢንች አገኘች፤ ከዚያ ሠላሳ ሁለት፤ ከዚያ ጣውላው ላይ አስቀምጣ በሹል ብረት ጫረችው። አናጢው በአውራ ጣቱ ጥፍር ጭረቱን ዳሰሰና «አንዲት ቀጭ አልፈሻል» አላት። ደግማ ለካች። መጋዙን እሱ እጇን ይዞ ጀመረላትና ለቀቃት። የሠራችው ነገር አራት ማዕዘን የወፍ ጥሬ ማስቀመጫ ነው፤ አንዱ ጎኑ ትንሽ ይዘማል።

አሸዋ ወረቀት ስትፈትግ ጣቷ ተላጠ። እህቴ የፕላስተሩን ከረጢት ይዛ ስትሮጥ ሚጣ ራሷ አንዱን ተቀብላ፣ ልጣጩን በጥርሷ ገንጥላ፣ ለጠፈችው። 

እሁድ፤ የተቃጠለው ደን፣ የወላጆች ሸንጎና እንቆቅልሹ

በጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ናፓንና ሶኖማን ያቃጠለው ታላቅ እሳት እዚህም ደርሶ ነበር። የካምፑን የታችኛውን ሰፈር ብዙ ማደሪያዎች አውድሟል። ጠዋት በዚያ በኩል ተራመድን። ከሬድውዶቹ አንዳንዶቹ ግንዳቸው እስከ ሰው ቁመት ጥቁር ነው፤ ሚጣ እጇን ከተቃጠለው ጎድጓዳ ከትታ ስታወጣ ከሰል ለብሶ ወጣ። ከሥሩ ግን ለግላጋ አረንጓዴ ቡቃያ ዙሪያውን ከቦ በቅሏል፤ ይህ ዛፍ እሳት ሲነካው ከሥሩ መልሶ ማቆጥቆጥ ያውቅበታል። አዳዲስ ማደሪያዎችም ተሠርተዋል። ድርጅቱ መሬቱን ሸጦ ከተማ ውስጥ መቅረት ይችል ነበር፤ ተመልሶ መገንባቱ ይህን ቦታ የሚወዱት ሰዎች ምን ያህል እንደሆኑ ያሳያል።

የወላጆች ሸንጎ ላይ የምትናገረው ሴት ዓይነ ስውር እናት ናት፤ ልጆቿ ያያሉ። ለእያንዳንዳችን የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ልጃችሁ ቤት ውስጥ ምን ሥራ ይሠራል?» ክቡ ዝም አለ። አንዱ አባት «አልጋውን ያነጥፋል» አለ። ተራው እህቴ ጋር ሲደርስ እንግሊዝኛዋ ጠፋባት፤ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «ምንም በላት» አለችኝ። እኛ ዘንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ቡና ትቆላለች፣ ታናናሾቿን ታጥባለች፣ ሱቅ ትላካለች። ሚጣ ቢላዋ ጨብጣ አታውቅም። ሴትየዋ አልወቀሰችም። እሷ እንዴት ሽንኩርት እንደምትከትፍ፣ ጣቶቿን እንዴት አጥፋ እንደምትይዝ፣ ዘይቱ መጋሉን በምን ድምፅ እንደምታውቅ አንድ በአንድ ተናገረች። እህቴ ማስታወሻ ደብተር አውጥታ ጻፈች።

እኔ ደግሞ ሐሳቤ አገር ቤት ነበር። ሰበታ መርሐ ዕውራንን፣ ሻሸመኔን፣ ባኮን፣ ወላይታ ኦቶናን የመሳሰሉ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ስንቱን ምሁር አውጥተዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ የሻሸመኔ ትምህርት ቤት ፍሬ ናት። በትምህርቱ ዘመን እነዚህ ልጆች በብሬል ያነባሉ፣ ግቢውን ያለ መሪ ይሮጡበታል፣ ልብሳቸውን ያጥባሉ። ሰበታ የተማረ፣ አሁን መምህር የሆነ ጓደኛ አለኝ። ክረምት ሲመጣ ምን ይሆን እንደነበር ደጋግሞ አጫውቶኛል። ሻንጣውን ይዞ አገሩ ይገባል፤ ቤተሰቡ በደስታ ያቅፈዋል፤ ከዚያ ጥግ ላይ ያስቀምጠዋል። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ገደል ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፤ ማንም ይዞት አይወጣም። መስከረም ጠብቶ ሰበታ ሲመለስ እግሩ ልምዱን ረስቶ እንደገና መማር ይጀምራል።

ይህ ግን የእኛ ባህል ሙሉ መልኩ አይደለም፤ እዚህ ላይ ነው የምቆጨው። የቅኔና የዜማ ጉባኤ ቤቶቻችን ዓይነ ስውር የኔታዎችን ያፈሩ ናቸው። ዓይነ ስውር የቆሎ ተማሪ በትሩን ይዞ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከጎጃም ጎንደር፣ ከጎንደር ወሎ በእግሩ ሄዷል፤ ውሻ ተከላክሏል፤ ወንዝ ተሻግሯል፤ ለምኖ በልቶ ተምሯል፤ ተመልሶ ለሚያዩት አስተምሯል። ያን በትር የያዘ ሕዝብ ልጁን መደብ ላይ የሚያስቀምጥበት ምክንያት አይታየኝም። ኢንቻንትድ ሂልስን ስመለከት ያየሁት ነገር አብዛኛው ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። መዋኛው ይጠይቃል፤ ግንባታው ይጠይቃል። መሠረቱ ግን ዓይነ ስውር ወጣቶች ልጆቹን መምራታቸው ነው። በክረምት ባዶውን የሚቀር የአዳሪ ትምህርት ቤት ግቢ በየክልሉ አለ። ዩኒቨርሲቲ ያሉ ዓይነ ስውር ተማሪዎችም በክረምት ሥራ የላቸውም። በቅሎ አለ፣ ዛፍ አለ፣ አናጢ አለ፣ ምድጃ አለ። ሁለት ሳምንት እንኳ ቢሆን ስንት ልጅ ከጥግ ይነሣ ነበር! ለጓደኛዬ ያንኑ ማታ ይህን ጻፍኩለት፤ ሥራ ላይ የነበሩ የሰበታ ምሩቃንን ሰብስቦ እንደሚያነጋግር መልሶልኛል።

ማታ ልጆቹ ያላቸውን የሚያሳዩበት ዝግጅት ነበር። ቦታው በሬድውዶች መካከል ቁልቁለት ላይ መቀመጫ የተደረደረበት ክፍት መድረክ ነው። አንዱ ጊታር መታ፤ አንዷ ቀልድ ነገረች፤ ሁለት ወንድማማቾች ዳንስ ሞከሩና ተጋጩ፤ ጭብጨባው አላቆመም። የሚጣ ተራ ሲደርስ ምን እንደምታቀርብ ለእኔም ለእናቷም አልነገረችንም ነበር። መድረኩን በበትሯ ለክታ መሐል ቆመችና በእንግሊዝኛ ሕጉን አስረዳች፦ እኔ «እንቆቅልሽ» ስል እናንተ «ምን አውቅልሽ» ትላላችሁ፤ ካላወቃችሁት አገር ትሰጡኛላችሁ። ሦስት ጊዜ አለማመደቻቸው። ከመቶ የማያንስ ሰው በዚያ ጫካ ውስጥ «ምን አውቅልሽ!» ሲል ጸጉሬ ቆመ።

«ስሄድ አገኘሁት፣ ስመለስ አጣሁት።»

ጥላ ያለ አለ፤ ገንዘብ ያለ አለ፤ ያ የእራቱ ጊዜ አባት «ሰዓት!» አለ። አልተገኘም። «አገር ስጡኝ!» አለች። ሳክራሜንቶን ሰጧት፤ አልፈልግም አለች። ናፓን ሰጧት፤ አሰበችና ተቀበለች። በእኛ ወግ አገር የተሰጠው ሰው በአገሩ ገብቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ያላወቁትን ተሳድቦ ነው መልሱን የሚናገረው፤ ሚጣም አንዱን ሳታስቀር ናፓ ገብታ፣ ወይኑን ሁሉ በልታ፣ ሳንድዊች በነጻ ወስዳ፣ መልሱ ጤዛ መሆኑን ነገረቻቸው። ጠዋት ሣሩ ላይ ያለ ጫማ ስትሄድ እግሯን እንደሚያርሰው፣ ስትመለስ ደርቆ እንደሚቆያትም አስረዳች። ይህን የተማረችው እዚሁ ካምፕ መሆን አለበት፤ ባሕር ዳር ማን ያለ ጫማ ሣር ላይ አስረገጣት?

ሰኞ፤ መመለሻ

ከቁርስ በኋላ ተሰናበትን። ከመሪዎቹ አንዷ የሚጣን በትር ከራሷ ጋር አስተያይታ አጭር መሆኑን ነግራናለች። በቆመችበት አገጯን ማለፍ አለበት አለች፤ በትሩ ረጅም ሲሆን ከፊት ያለው ነገር ቀድሞ ይታወቃል፤ እርምጃም ይሰፋል። በዚህ አገር ብሔራዊ የዓይነ ስውራን ፌዴሬሽን ለሚጠይቅ ዓይነ ስውር ነጭ በትር በነጻ ይልካል፤ አድራሻ ሞልቶ መላክ ብቻ ነው። እህቴ መኪና ውስጥ ሆና ስልኳ መስመር እንዳገኘ ሞላችው።

የመልሱ መንገድ ያለ ችግር አለፈ። ናፓ ውስጥ ለምሳ አልቆምንም፤ የቀረውን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን በሁለት ሰዓት ውስጥ ኦክላንድ ገባን። ማታ እህቴ ደብተሯን ከፍታ መክተፊያና ቢላዋ ሚጣ ፊት አስቀመጠች። አንድ ራስ ሽንኩርት ለመክተፍ ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ቁራጩ እኩል አልወጣም፤ ወጡ ግን ያው ወጥ ሆነ።

እንጅባራ ሲነጋ ለአባታችን ደወልን። ሚጣ ስልኩን ቀምታ «አባባ፣ ፈረስ ጋለብኩ!» አለቻቸው። አባታችን እንደማንኛውም የአገው ፈረሰኛ የጠየቁት መጀመሪያ መልኩን ነው፤ ዳማ ነው፣ ሻሽ ነው፣ ጉራቻ ነው? «እሱን አልጠየቅሁም» አለቻቸው። «ጋማው አጭር ነው፤ በቀኝ በኩል ይተኛል። የፊት ግራ ሰኮናው ስንጥቅ አለበት። ሲቆም የኋላ አንድ እግሩን ያሳርፋል። ሆዱ ውስጥ ይጮኻል።» አባባ ትንሽ ዝም አሉና «ስንጥቁን ይቀቡታል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ስለ ሰኮና ብቻ ለብዙ ደቂቃ ተጨዋወቱ። ስልኩ ለእህቴ ሲደርስ አባባ ያሏት «ለጥር አምጪያት፤ የኔ በቅሎ ገራም ናት» ነው። እህቴ «እሺ አባዬ» አለች፤ ማክሰኞ ጠዋት የአዲስ አበባ ቲኬት ዋጋ እየጠየቀች ነበር።